ቤትህን ሳትለቅ ተማር

ጸሎትህ ደረቀብህ? አፍህ አባታችን ሆይ ሲል ልብህ ገበያ ይዞራል? መጽሐፍ ቅዱስህ ከራስጌህ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ስልክህ ይቀድመዋል?

አይዞህ! እምነትህ የትም አልሄደም። የላላው ልማድህ ነው። ልማድ ደግሞ ተመልሶ ይጠብቃል፤ መወሰን ብቻ ነው።

ከየት ልጀምር አልክ? አንተ ከማትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ጀምር።

አትደንግጥ። ሃይማኖትህን ቀይር አላልኩህም። ተማር ነው ያልኩህ።

ጆን ዌስሊን ተመልከት። እንግሊዛዊ የአንግሊካን ቄስ ነው። ኦክስፎርድ እያለ ከጓደኞቹ ጋር በሰዓት ይጸልያል፣ እስረኛ ይጠይቃል፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይጾማል። አዎ፣ ረቡዕና ዓርብ! እስከ 9 ሰዓት! ከማን ተማረው? ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን። የእኛ እናቶች ከእናቶቻቸው የወረሱትን እሱ መጽሐፍ አገላብጦ አገኘው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይጎድለዋል? ጎድሎት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1735 መገባደጃ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጆርጂያ በመርከብ ተነሳ። በዚያው መርከብ ሞራቪያውያን የሚባሉ ጀርመንኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ተሳፍረዋል። ዌስሊ ምን አደረገ? ከእነሱ ጋር ለማውራት ብሎ እዚያው መርከብ ላይ ጀርመንኛ መማር ጀመረ!

በጃንዋሪ 1736 ከባድ ማዕበል ተነሳ። ሞራቪያውያኑ ጉባኤያቸውን በመዝሙር ጀምረው ነበር። ባሕሩ መርከቧ ላይ ተደፋ፤ ትልቁ ሸራ ተቀደደ፤ ውኃው ወደ ውስጥ ገባ። እንግሊዛውያኑ ይጮሃሉ። እነዚያ መዝሙራቸውን አላቋረጡም። ኋላ ዌስሊ አንዱን ጠጋ ብሎ፣ አልፈራችሁም ወይ ሲል ጠየቀው። አልፈራንም አለው። ሴቶቹስ? ልጆቹስ? እነሱም ሞትን አይፈሩም አለው።

ልብ በል፤ ጠያቂው ቄሱ ነው። ክህነቱንም ኦክስፎርዱንም ወደ ጎን ትቶ ጠየቀ። አንተ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ የጠየቅከው መቼ ነው?

ያ እርጋታ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስልህ። ሄርንሁት በምትባል የጀርመን መንደር ሞራቪያውያኑ በ1727 የጸሎት ተራ አወጡ። 24 ወንዶችና 24 ሴቶች እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ሰዓት ይዘው ሌት ተቀን ተፈራረቁ። ያ ጸሎት ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ! የአንዱ ሰው ድርሻ ግን አንድ ሰዓት ነው። በቃ።

ዌስሊ በ1738 ሄርንሁት ድረስ ሄዶ ኑሯቸውን በዓይኑ አየ። በትናንሽ ቡድን ተሰባስቦ ድካምን በግልጽ መነጋገርን ወሰደ። የፍቅር ማዕዳቸውን ወሰደ። መዝሙሮቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ሁሉን ግን አልወሰደም። ለንደን ከነበሩት ሞራቪያውያን አንዳንዶቹ፣ እምነትህ እስኪጸና ከቁርባንም ከሌላውም ሥርዓት ተቆጥበህ ዝም ብለህ ጠብቅ ማለት ሲጀምሩ፣ በ1740 ተለያቸው። በ1791 ሲሞት እንደ ድሮው የአንግሊካን ቄስ ነበር።

እኔን ከማዕበሉ ታሪክ ይልቅ ይህ ይገርመኛል። ሰውየው መርጦ ወሰደ፣ ቤቱንም አልለቀቀም። አንተም ትችላለህ።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትለኝ! እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ እምነት ተወያይቷል። እሱ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ከሄደ፣ አንተ ከደረጃው ማዶ ካለው ጎረቤትህ ጋር አንድ ስኒ ቡና መጠጣት ያቅትሃል?

ፕሮቴስታንት ነህ? ኦርቶዶክሱን ጎረቤትህን እይ። ዳዊት ይደግማል። መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፤ ደስ አለውም ከፋውም የዕለቱን ያደርሳል። ሙድ አይጠብቅም። አንተስ? የምትጸልየው ሙድህ ሲመጣ ብቻ ነው? ለጸሎትህ ሰዓት ቁረጥለት!

ኦርቶዶክስ ነህ? ፕሮቴስታንት የሥራ ባልደረባህን ጠይቀው። ብዙዎቹ ጠዋት ከሥራ በፊት የጽሞና ጊዜ አላቸው። አንድ ምዕራፍ ያነባሉ፤ የነካቸውን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በራሳቸው ቃል ይጸልያሉ። አንተም ዳዊትህን ስትጨርስ ስለ ልጅህ ፈተና፣ ስለዚያ ቶሎ ስለሚገነፍል ንዴትህ በራስህ አማርኛ ሁለት ቃል ጨምር። ማን ከለከለህ?

ካቶሊኮቹም አላቸው። ከመተኛታቸው በፊት የዋሉበትን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይመረምራሉ፤ የት አመሰገንኩ? የት በደልኩ? ብዙዎች ይህን የተማሩት ከኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሞክረው።

አሁን ግን ሁሉንም በአንዴ ላፍስ እንዳትል! በሳምንቱ ትሰለቻለህ። አንዷን ምረጥ። ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው። ከከበደህ ቀንስ እንጂ አታቋርጥ። የነፍስ አባትህን ወይም መጋቢህን አማክር፤ ድብብቆሽ አያስፈልግም።

ደግሞ አትከራከር። ክርክር ሊረታ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ስለ ዶግማ የሚነጋገሩ ሊቃውንት አሉ፤ ይነጋገሩ። አንተ የሄድከው ለጸሎትህ ነው።

ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ያን ባልደረባህን፣ «አንተ እንዴት ነው የምትጸልየው?» በለው። ከዚያ አታቋርጠው። አዳምጠው።