አካውንቲንግ ገብቶ በሰዓቱ ለመመረቅ

ፍሬሽማንን ጨርሳችሁ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግና ፋይናንስ ከደረሳችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከዲፓርትመንቱ ካሪኩለሙን ውሰዱ። እስከ ምረቃ የምትማሯቸውን ኮርሶች በሙሉ ከነክሬዲታቸውና ከነፕሪሪኩዚታቸው በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። ፋንዳሜንታልስ አንድን ያላለፈ ሁለትን አይወስድም፤ ሁለትን ያልያዘ ደግሞ ኢንተርሚዲየት ላይ አይደርስም። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ከሆነ አንድ ኤፍ ዓመት ሙሉ ሊያስቀር ይችላል። አድና ድሮፕ በሚደረግበት ጊዜ ይህን ገጽ ይዛችሁ አድቫይዘራችሁን አነጋግሩ።

ቀጥሎ ሲጂፒኤያችሁን ራሳችሁ ማስላት ልመዱ። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጆች ግን ስንት እንደጎደላቸው የሚያውቁት በመጨረሻው ዓመት ነው። 60 ክሬዲት ጨርሶ 1.90 ላይ ያለ ተማሪ 114 ነጥብ አለው። በሚቀጥለው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ቢወስድ 2.00 የሚሞላው ጠቅላላ ነጥቡ 156 ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ 42 ነጥብ ማምጣት አለበት። ከስድስት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች ሁለቱን ቢ፣ አራቱን ሲ ካመጣ ይደርሳል። ያው 1.90 ግን 110 ክሬዲት ካለቀ በኋላ ከሆነ በ18 ክሬዲት 47 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ይህም ቢያንስ አራት ቢ ማለት ነው። ጉድለቱ አንድ ሆኖ ሳለ ማካካሻው በዘገየ ቁጥር ይከብዳል። ቲቶሪያል የሚፈለገው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ኮርሱን ሁሉ ቢያልፍም ይህን ፈተና 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አያገኝም። የወደቀ በሌላ ዙር መፈተን ይችላል። ጥያቄው የሚወጣው ከዋና ዋና የሙያ ኮርሶች ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማራችሁት ፋይናንሺያል አካውንቲንግም አለበት። ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ዋና ኮርስ ሁለት ሦስት ገጽ ማጠቃለያና በእጃችሁ የሠራችኋቸውን ጥቂት ጥያቄዎች አስቀምጡ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለሆነ ዲፓርትመንቱ ሞዴል ሲያዘጋጅ አትቅሩ።

ከሲኒየሮች በሚወረስ ሃንድአውት ግን ተጠንቀቁ፤ በተለይ ታክስ ላይ። የድሮው ወረቀት በአዋጅ 979/2008 መሠረት ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነውን 600 ብር ይላል፤ በ2017 የወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር አድርሶታል። የተጨማሪ እሴት ታክስም በአዋጅ 1341/2016 ተተክቷል። መምህራችሁን የትኛው ሕግ እንደሚያዝ ጠይቁና ማስታወሻችሁን አርሙ። በትክክል ያጠና ልጅ በአሮጌ ቁጥር ነጥብ ሲያጣ ማየት ያሳዝናል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታስቡት ዳታው ከየት እንደሚመጣ ይሁን። የግብር ከፋዮችን መረጃ ከገቢዎች ቢሮ አገኛለሁ ብሎ የጀመረ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ይቀራል፤ የግለሰብ ፋይል በቀላሉ አይሰጥም። የንግድ ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርትና የብሔራዊ ባንክ ሪፖርቶች ግን ለሕዝብ ይወጣሉ። መጠይቅ የምትበትኑ ከሆነ የዲፓርትመንቱን የትብብር ደብዳቤ ቀድማችሁ አውጡ። ደብዳቤ ያልያዘ ተማሪን ብዙ መሥሪያ ቤት አያስተናግድም።

የመጨረሻው ሴሚስተር ሲጀመር ሬጅስትራር ሄዳችሁ የውጤታችሁን ሙሉ መዝገብ ከራሳችሁ ገጽ ጋር አስተያዩ። ያልተሞላ ግሬድ ወይም ያልታረመ ኤንጂ ካለ መምህሩ ሳይዛወር ወይም ለትምህርት ሳይሄድ ያዙት። የስማችሁን የእንግሊዝኛ ፊደል ከ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬታችሁ ጋር አመሳክሩ፤ ዲግሪ ላይ ከታተመ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው።

ክሊራንስ ስትዞሩ ከቤተ መጻሕፍትና ከዶርም ጀምሩ፤ የሚያዘገዩት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው። የወጪ መጋራት ውላችሁን ኮፒም አትጣሉት። ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ይዛችሁ ሥራ ትፈልጋላችሁ፤ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ግን ዕዳው ተከፍሎ ማስረጃ መቅረብ ስላለበት፣ ሥራ እንደጀመራችሁ ቀጣሪያችሁ ከደመወዛችሁ መቁረጥ መጀመሩን አረጋግጡ፤ የተከፈለበትን ደረሰኝም በየጊዜው ሰብስቡ።