ኮምፒውተሩ ማንን ያስቀድም?

ኮምፒውተር መብራት ባገኘ ቅጽበት ዊንዶውስን አያውቀውም፤ ሊኑክስንም አያውቀውም። በዚያች ሰዓት የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ በተቀመጠች ቺፕ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የቀድሞ ስሙ ባዮስ፣ የአሁኑ ዩኢኤፍአይ ነው፤ ባለሙያዎች ግን አዲሱንም ባዮስ ማለታቸውን አልተዉም፤ እኛም በዚሁ ልማድ እንቀጥል። ባዮስ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ስክሪኑን ፈትሾ ሲያበቃ አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ ኮምፒውተሩን ለሌላ ፕሮግራም ማስረከብ። ለማን እንደሚያስረክብ የሚነግረው ቡት ኦርደር የሚባለው ዝርዝር ነው፤ ሃርድ ዲስክ፣ ፍላሽ፣ ሲዲ፣ ኔትወርክ እያለ በተራ ይወርዳል።

ስለዚህ ዝርዝር ከሁሉ አስቀድመን የምንይዘው ነገር ይህ ነው፤ ባዮስ የተሻለውን አይመርጥም። ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይሞክራል፤ መነሣት የሚችል ነገር ባገኘበት ይቆማል። በቀድሞው አሠራር ከመሣሪያው የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ያነባል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ላይ የታወቀው ምልክት ካለ ሥልጣኑን በሙሉ ያስረክባል። ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ ቡት ኦርደር የአመኔታ ቅደም ተከተል ነው። አናቱ ላይ ያስቀመጣችሁት መሣሪያ፣ በውስጡ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ ኮምፒውተሩን ከእናንተ በፊት ያገኘዋል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር አደጋ እንዳይመስላችሁ ወደ ኋላ ሄደን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ ሲነሣ የሚፈልገው ፍሎፒ የሚባለውን ተነቃይ ዲስክ ነበር። በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለው አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ ሲመጣም ልማዱ አልተቀየረም፤ መጀመሪያ ፍሎፒ፣ ቀጥሎ ሃርድ ዲስክ። የቫይረስ ጸሐፊዎች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። በ1986 በፓኪስታን፣ በላሆር ከተማ፣ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ብሬይን የተባለ ቫይረስ መኖሪያው የፍሎፒው የመጀመሪያ ሴክተር ነበር። በ1991 የታወቀው ማይክል አንጄሎ ደግሞ ከፍሎፒ ወደ ሃርድ ዲስክ ይጋባ ነበር፤ ማርች 6 ቀን ኮምፒውተሩ ከተከፈተ በዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ ያበላሻል። መተላለፊያው እጅግ ቀላል ነበር። ሰውየው ማታ ሥራውን ይጨርስና ፍሎፒውን ሳያወጣ ያጠፋል። ጠዋት ሲያበራ "ሲስተም ዲስክ አይደለም" የሚል ጽሑፍ ያያል፤ ፍሎፒውን አውጥቶ እንደገና ያስነሣል፤ ምንም የሆነ አይመስለውም። ነገር ግን ያንን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ያወጣው በፍሎፒው ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ጽሑፉ ከመታየቱ በፊት ሥልጣኑ ወደ ፍሎፒው ተላልፏል፤ ቫይረስ ካለበትም ቫይረሱ ገብቶ ጨርሷል። መከላከያው ባዮስ ውስጥ የአንድ መስመር ለውጥ ነበር፤ ሃርድ ዲስኩን ከፍሎፒው ማስቀደም።

ደንቡ ዛሬም ያው ነው። በቋሚው ዝርዝር አናት ላይ ስርዓተ ክወናው የተጫነበት ዲስክ ይቀመጥ፤ ሌላው ሁሉ ከሥሩ ይሁን። ኮምፒውተር ፎርማት ለማድረግ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ሁሉ ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ቋሚውን ዝርዝር ለመቀየር ነው። አያስፈልገውም። ለአንድ ጊዜ ሥራ የአንድ ጊዜ ምርጫ አለ፤ ቡት ሜኑ ይባላል። ኮምፒውተሩ እንደበራ በዴልና በአብዛኛው ሌኖቮ ኤፍ12ን፣ በኤችፒ ኤፍ9ን መታ መታ ማድረግ ነው። የመረጣችሁት ለዚያች መነሣት ብቻ ያገለግላል፤ ቋሚው ዝርዝር እንደነበረ ይቆያል። ቋሚውን መቀየር የሚያመጣውን ጣጣ እዩት፦ ዊንዶውስ ሲጫን መሃል ላይ ራሱ ሪስታርት ያደርጋል፤ ቀሪው ሥራ የሚያልቀው ከዲስኩ ሲነሣ ነው። ፍላሹ አናት ላይ ከሆነ ግን እንደገና ከፍላሹ ይነሣና የቋንቋ ምርጫው ገጽ ይመጣል። ጀማሪው አልተሳካም ብሎ ዲስኩን እንደገና አጥፍቶ ከሀ ይጀምራል። ጭነቱ ግን በደህና እየሄደ ነበር፤ ፍላሹን ነቅሎ ማስነሣት ይበቃው ነበር።

በዩኢኤፍአይ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ዝርዝሩ ከመሣሪያዎቹ ሌላ "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር" ወይም "ኡቡንቱ" የሚሉ ስሞችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ስም በዲስኩ ላይ ወዳለ አንድ ፋይል ይጠቁማል። ያው አንድ ፍላሽም ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ አንዱ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። እዚህ ላይ በችኮላ አትምረጡ። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ከተነሣ ጂፒቲ በሚባለው አከፋፈል የተዘጋጀ ዲስክ ይፈልጋል፤ በአሮጌው መንገድ ከተነሣ ኤምቢአር የሚባለውን የቀድሞ አከፋፈል ይፈልጋል። ካልተጣጣሙ "በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም" ይላችኋል፤ ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው። ኤምቢአር ደግሞ እንደተለመደው ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አያስተዳድርም። ባለፉት አሥር ዓመታት ለተሠራ ኮምፒውተር ዩኢኤፍአይ የሚለውን ምረጡ።

ባዮስን ከመንካታችሁ በፊት ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መመስጠሪያ ተቆልፎ እንደሆነ አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ መቀየሩን ቢትሎከር እንደ ጥቃት ሊቆጥረውና 48 አኃዝ ያለውን መክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ያ ቁጥር ከሌለ ፋይሎቹ እስከመጨረሻው ሊጠፉ ይችላሉ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ የሰው የዓመታት ፎቶና ሰነድ በዚህ ምክንያት ሲጠፋ ማየት ስለሚያሳዝን ነው። ቁጥሩን አስቀድማችሁ በወረቀት ያዙ።

ኮምፒውተሩ "የሚነሣ ዲስክ የለም" ቢል የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀሉና ወደ ዝርዝሩ ግቡ። የዲስኩ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በባዮሱ መረጃ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ እዚያም ከሌለ ቅደም ተከተል ማስተካከል አይረዳም፤ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ለቋል ወይም ዲስኩ ሞቷል። ፒኤክስኢ የሚል መልእክት ካያችሁ ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ለመነሣት እየሞከረ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ፈልጎ አጥቶት ነው። በቆየ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ ከሶኬት በተነቀለ ወይም መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑም ቅደም ተከተሉም ወደ ጥንቱ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ቀይሯት።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤት ላብ፣ ለኢንተርኔት ካፌና ለቢሮ ኃላፊዎች። ፍላሽ ላይ ሊኑክስ የያዘ ሰው ቡት ሜኑውን ከከፈተ የዊንዶውሱ ፓስወርድ አያግደውም፤ ዲስኩ ካልተመሰጠረ ፋይሉን ሁሉ ያነባል። ዲስኩን ማስቀደም ብቻ አይበቃም፤ ከዩኤስቢና ከኔትወርክ መነሣትን ዝጉ፣ ባዮሱ ላይ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አድርጉ፣ ቡት ሜኑውም ያለዚያ ፓስወርድ እንደማይከፈት ሞክራችሁ አረጋግጡ። ኬዙን ፈትቶ ዲስኩን የሚወስደውን ይህ አያቆመውም፤ የተማሪ ውጤት ወይም የደንበኛ ሰነድ ያለበትን ዲስክ መስጥሩት። የባዮሱን ፓስወርድ ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ቢሮ አስቀምጡ፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ፓስወርዱ አብሮት እንዳይሄድ።