ትምህርት አሥራ ሁለት፦ የዘፈን ባለቤትና የዓረፍተ ነገር ባለቤት

ሀ. ምንባብ

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

በጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ በዲላ አምስት ወጣቶች የሙዚቃ ባንድ አቋቁመዋል እንበል። አንዱ ግጥም ይጽፋል፤ አንዷ ዜማ ትደርሳለች፤ ሌላዋ ትዘፍናለች፤ የቀሩት ሁለቱ ኪቦርድና ጊታር ይጫወታሉ። ደጅ የሚጠኑት አሳታሚ ስለሌላቸው ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን አልበም ለማውጣት ቆርጠዋል። «አልበሙ የማን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ፣ «የሁላችንም ነዋ!» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ ለወዳጅነት በቂ ነው፤ ለገበያ ግን አይበቃም።

የጌዴኦ ገበሬ ይህን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። ቀይ እሸት ቡናውን ሲሸጥ የሸጠው የዓመቱን ፍሬ እንጂ ዛፉን አይደለም። ዛፉ በጓሮው ቆሞ ለከርሞም ያፈራል። በዘፈንም ዘንድ እንዲሁ ዛፍና ፍሬ አለ። ግጥሙና ዜማው ዛፉ ነው፤ በስቱዲዮ የተቀረጸው ድምፅ ደግሞ ፍሬው ነው። ያንኑ ዘፈን ሌላ ድምፃዊ ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢዘፍነው፣ ከዚያው ዛፍ ሌላ ፍሬ ለቀመ ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ የሚገባው ግጥሙን የጻፈውንና ዜማውን የደረሰችውን ነው። የፊተኛውን ቅጂ አባዝቶ መሸጥ የሚፈልግ ግን የቀረጻውንም ባለመብት ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

በእጅ የማይዳሰስ ነገር ንብረት ሊሆን እንደሚችል የጌዴኦ ምድር ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ፤ የይርጋ ጨፌም ስም በ2006 ተመዘገበ። ከቡናው ፍሬ ሌላ ስሙ ራሱ ዋጋ እንዳለው በዚህ ታወቀ።

በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ይህን ጥያቄ በድፍረት ካነሡት ሰዎች አንዱ አምሃ እሸቴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው ወጣቱ አምሃ ግን በ1969 ክልከላውን ተዳፍረው «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹንም የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላዎች በሕንድ አገር አሳተሙ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን፣ እንዲሁም ወደ 12 የሚጠጉ ሙሉ አልበሞችን አወጡ። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ ዓለም የሰማቸው ብዙ ዘፈኖች እርሳቸው ካሳተሟቸው ሸክላዎች የተወሰዱ ናቸው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። የዋልያስ ባንድ አባል የነበሩት እኒህ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ራሳቸው እየተጫወቱ አንድ አልበም ቀረጹ። ሥራው በካሴት ታትሞ በኢትዮጵያ ከተሸጠ በኋላ ብዙ ዓመት ተረሳ። ኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ገዛው፤ በሙዚቀኛው ስምም አፈላልጎ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ሲኖሩ አገኛቸው። አልበሙ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ። ሽፋኑ ስም አልባ ቢሆን ኖሮ ሙዚቃው ቢወደድ እንኳ ባለቤቱ በቀላሉ ባልተገኙ ነበር።

ዛሬ ዘፈን በኢንተርኔት ይለቀቃል፤ ባንዱም ያለ አሳታሚ ሥራውን ለሕዝብ ሊያደርስ ይችላል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ዘፈኑ የተጫነበት ገጽ በማን ስም ተከፈተ? ገንዘቡስ በማን የባንክ ሒሳብ ይገባል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለግጥምና ለዜማ ደራሲ፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቀረጻው አዘጋጅ ለየብቻ መብት ይሰጣል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። መብትን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ አልበም ማውጣት የሚፈልግ ሰው መሣሪያ መጫወት ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር መጻፍም ማወቅ ይኖርበታል።

ለ. ሰዋስው፦ አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሥ

«ባለቤት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ አለው። የንብረት ጌታ ባለቤት ይባላል፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥም ማሰሪያ አንቀጹ የሚነገርለት ስም ባለቤት ይባላል። ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ፋብሪካው ሸክላውን አተመ። (አድራጊ)
2. ሸክላው ታተመ። (ተደራጊ)
3. ነጋዴው ሸክላውን አሳተመ። (አስደራጊ)

በ1ኛው ባለቤቱ ሥራውን በራሱ ይሠራል። በ3ኛው ባለቤቱ ሌላውን ያሠራል። «አታሚ» እና «አሳታሚ» የሚለያዩትም በዚህ ነው፤ አታሚው ለሠራበት ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ አሳታሚው ግን ወጪውንና ኪሳራውን ይሸከማል፤ በውሉ መሠረትም ከትርፉ ይካፈላል። የራሱን አልበም የሚያወጣ ባንድ የራሱ አሳታሚ ነው።

በ2ኛው ዓረፍተ ነገር የሰዋስው ባለቤት «ሸክላው» ነው። ሥራውን የሠራውና ያሠራው ሰው ግን ተሰውሯል። ተደራጊ ግሥ ፈጻሚው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ቦታ ያምራል። በውል ውስጥ ግን ጠብ ይወልዳል።

ለምሳሌ፣ አምስቱ ወጣቶች «ከአልበሙ የሚገኘው ገንዘብ ይከፈላል» ብለው ጽፈው ነበር እንበል። በሁለተኛው ዓመት ዜማ ደራሲዋ ወደ ሐዋሳ ሄደች። ገንዘቡ ሲመጣ፣ «እኔም ድርሻ አለኝ» አለች፤ የቀሩት ደግሞ «ከባንዱ ወጥተሻል» አሏት። ወረቀቱ ቢገለጥ ለሁለቱም ወገን የሚናገረው አልነበረም። ማን ይከፍላል? ለማን? መቼ? ስንት? ዓረፍተ ነገሩ ይህን ሁሉ ውጦታል። ጓደኛሞቹን ያጣላቸው ክፋት ሳይሆን አንድ ተደራጊ ግሥ ነው።

ሐ. ጽሕፈት፦ ውል መጻፍ

የውል ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፤ የሥራውን ፈጻሚ በግልጽ ይጥራ፤ ቀኑንና መጠኑን አይዝለል። የሚከተለውን አርአያ ተመልከቱ።

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው አምስት የባንዱ አባላት እንደሚከተለው ተዋውለናል።
1. ግጥሙን የጻፈው አባል የግጥሙ፣ ዜማውን የደረሰችው አባል የዜማው ባለመብት ናቸው።
2. የቀረጻውን ወጪ አምስታችን እኩል ስላዋጣን፣ የተቀረጸው ድምፅ የአምስታችን የጋራ ንብረት ነው።
3. ገንዘብ ያዡ ከቀረጻው ሽያጭ የተገኘውን ገንዘብ በየሦስት ወሩ መጨረሻ ለአምስታችን እኩል ያካፍላል፤ ሒሳቡንም በጽሑፍ ያሳያል።
4. ከባንዱ የሚወጣ አባል ቀደም ሲል ከተቀረጹት ዘፈኖች ያለውን ድርሻ አያጣም።»

መልመጃ አንድ

ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. በምንባቡ ውስጥ «ዛፉ» ምንድን ነው? «ፍሬው»ስ?
2. አምሃ እሸቴ አታሚ ነበሩ ወይስ አሳታሚ? ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
3. የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ለዲላዎቹ ወጣቶች ምን ይመክራል?

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን ተስማሚ ባለቤት እየሰጣችሁ ወደ አድራጊ ግሥ ለውጡ።
1. የስቱዲዮው ኪራይ ይከፈላል።
2. የግጥም ደራሲው ስም በሽፋኑ ላይ ይጻፋል።
3. ሒሳቡ በየዓመቱ ይመረመራል።

መልመጃ ሦስት

«ጻፈ»፣ «ቀረጸ» እና «ከፈለ» የሚሉትን ግሦች በተደራጊና በአስደራጊ መልክ ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱን በዓረፍተ ነገር አስገቡ።

መልመጃ አራት

ባንዱ በአልበሙ ውስጥ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያዜሙትን አንድ የሕዝብ ዜማ አስገብቷል። ማንም አባል «ዜማውን እኔ ደረስኩት» ሊል አይገባም። ለአርአያው ውል 5ኛ አንቀጽ ሆኖ የሚጨመር፣ የዜማው ምንጭ በሽፋኑ ላይ እንዴትና በማን እንደሚጻፍ የሚወስን አንቀጽ ከሦስት በማይበልጡ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያም ደብተራችሁን ከጎናችሁ ካለ ተማሪ ጋር ተለዋወጡ፤ እያንዳንዱን ማሰሪያ አንቀጽ አስምራችሁ፣ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያልተገኘለትን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉ።