ከቅዳሴ በኋላ አትቸኩሉ

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲያልቅ ገሚሱ ሰው ጸበል ቀምሶ ወደ ቤቱ ይገሰግሳል። ገሚሱ ወደ ሰንበቴ ቤት ይታጠፋል። እዚያ ዳቦው ይቆረሳል፣ ንፍሮው ይታደላል፣ ጠላው ይቀዳል። ከዚያ አንዷ እናት ዙሪያውን ቃኘት ያደርጉና «ጋሽ እገሌ ዛሬ ምነው ቀሩ?» ይላሉ። ለሰው ልጅ ደስታ ከዚህች ጥያቄ የበለጠ መድኃኒት ብዙ አላውቅም።

ይህን የሚደግፍ ጥናትም አለ። ቼዩን ሊም እና ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ከ3,000 በላይ አሜሪካውያን የሰጡትን መልስ መርምረዋል። በየሳምንቱ ወደ አምልኮ ከሚሄዱትና እዚያው ከ3 እስከ 5 የቅርብ ወዳጆች ካሏቸው መካከል 33 በመቶዎቹ በሕይወታቸው እጅግ ደስተኞች ነን ብለዋል። በየሳምንቱ እየሄዱ እዚያ አንድም የቅርብ ወዳጅ ከሌላቸው መካከል ግን እንዲህ ያሉት 19 በመቶ ብቻ ናቸው። ደግሞም ጥቅሙ የጎላው እምነታቸው የማንነታቸው ትልቅ ክፍል ለሆነላቸው ሰዎች ነው። በጓዳ የሚደረግ ጸሎት ዋጋው በመጠይቅ አይለካምና ይህ ውጤት ጸሎቱን አያሳንሰውም።

አባቶቻችን የጽዋ ማኅበርን ሲያቋቁሙ የዚህን ወዳጅነት ጥቅም ሳያውቁት አልቀሩም። ማኅበሩ በየወሩ በሚዘክረው ቅዱስ ዕለት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የወሩ ተረኛ ደግሶ ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ዓይን አፋሩም ሳይቀር ተራው ሲደርስ በሩን ይከፍታል! እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይኼ ነው፤ ሰው እስኪግባባ አይጠበቅም፣ ተራው ራሱ ያግባባዋል።

ወደ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ የድሮ አጥቢያችሁ ለራቀባችሁ ነው ይህን የምጽፈው። በአዲሱ ደብር ማንም እንደማያውቃችሁ ይገባኛል። ቢሆንም በዚህ እሑድ ቆዩ። ሰንበቴ እንዴት እንደሚገባ አጠገባችሁ ያሉትን እናት ጠይቁ። ሙስሊም ወገኖቼ፣ ከጁምዓ በኋላ አጠገባችሁ የሰገደውን ስሙንና ሰፈሩን ሳትጠይቁ አትበተኑ። ወንጌላውያንም በየቤቱ ወደሚደረገው ኅብረት ጎራ በሉ። ባዶ እጅም አትሂዱ፤ የታመመ ካለ ጠይቁ፣ መኪና ያላችሁ አዛውንቶቹን እስከ ቤታቸው አድርሱ። መጀመሪያ ላይ ልብ የሚላችሁ ላይኖር ይችላል። አትከፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሂዱ።