በፒክአፕ ካሶኒ ላይ የሚጫን ካምፐር የክብደቱን ነገር ለገዢው እንዴት እንደሚያስታውቅ

በአሜሪካ አገር በዕረፍት ቀኑ ወደ ጫካና ወደ ሐይቅ ዳር መውጣት የሚወድ ሰው፣ ከአንዱ ፋብሪካ ፒክአፑን፣ ከሌላው ደግሞ በካሶኒው ላይ ተጭኖ እንደ ቤት የሚያገለግለውን ካምፐር ለየብቻ ይገዛና ሁለቱን በገዛ ግቢው ያጋባቸዋል። መኪናውን የሠራው መሐንዲስ ካምፐሩን አላየውም፤ ካምፐሩን የገጣጠመውም ባለሙያ የትኛው መኪና እንደሚሸከምለት አያውቅም፤ የዚህ ጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው ስለ ክብደት ምንም ያልተማረው ገዢ ብቻ ነው። በአገሪቱ የፌዴራል ደንቦች ስብስብ በ49ኛው ርእስ፣ በክፍል 575፣ ቁጥር 103 ሆኖ የተጻፈው ሥርዐት ለሁለቱም ሠሪዎች የሚያዝዘው፣ ይህ ገዢ አመዛዝኖ ሊፈርድበት የሚችለውን ቁጥር በአንድ ዐይነት አነጋገር እንዲሰጡት ነው።

ጭነቱ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ፍሬኑ መኪናውን በሚጠበቅበት ርቀት ላይ አያቆመውም፤ ልኩን ሳያልፍ ቦታውን ብቻ የሳተ እንደ ሆነም፣ ከኋላው አክስል ወደ ኋላ ያለፈ ክብደት የፊቱን ጎማ ስለሚያቀልለው፣ መሪው ለነጂው እጅ መታዘዝን ይተዋል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን በጫነ ጊዜ ጭነቱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተትና ግራው ከቀኙ እንዳይበልጥ በዐይኑና በትከሻው ይመዝን ነበር፤ ደንቡ ከፋብሪካ የሚፈልገው ይኸንኑ ዕውቀት በሚዛን ተረጋግጦና በጽሕፈት ተመዝግቦ ነው።

እንግዲህ ካምፐር ሊሠራ የተነሣ የወርክሾፕ ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሥራው በዚህ አንቀጽ ውስጥ መግባቱን ይመርምር። ደንቡ የሚመለከተው ጣራ፣ ወለልና ግድግዳ ያለውን፣ ተጠቃሚው ራሱ በካሶኒው ላይ ሊጭነውና መልሶ ሊያወርደው የሚችለውን ካምፐር ነው፤ ወለል የሌለው የካሶኒ ክዳን፣ እንዲሁም በሻሲ ላይ ለዘለቄታው ታስሮ የተሠራ ቤት፣ ከዚህ ትርጓሜ ውጭ ነው። በዚህ ምርመራ ላይ አሮጌ መጻሕፍትን የሚያገላብጥ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የካምፐር ጭነት ነገር ቀድሞ ይታወቅበት የነበረው የደኅንነት መለኪያ ቁጥር 126 ከ2007 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጅ አቈጣጠር) ጀምሮ ለኤሌክትሮኒክ የመረጋጋት መቈጣጠሪያ ስለ ተሰጠ፣ በ126 ካምፐርን የሚፈልግ ሰው ከማይገናኝ ነገር ላይ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሚዛን ነው፤ ፈተናውም ያለው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ልቈይበት። በካምፐሩ ላይ በሚለጠፈው መለያ የሚጻፈው ክብደት የባዶ ካምፐር ክብደት አይደለም፤ መደበኛ ዕቃዎቹ ሁሉ ተገጥመውለት፣ የንጹሕ ውኃ ታንከሩ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹም ሞልተው፣ የበረዶ ሣጥን ካለው በረዶው ገብቶበት ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛው ክብደት ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፣ 120 ሊትር የሚይዝ ታንከር ባዶውን የተመዘነለት ሰው ገና በመነሻው 120 ኪሎ ዋሽቷል። ከፍተኛ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአንድ ንድፍ የወጡ ዐሥር ካምፐሮች በእንጨቱ እርጥበትና በሙጫው ብዛት እርስ በርሳቸው ስለሚለያዩ፣ የዐሥሩን አማካይ የሚጽፍ ሠሪ ለከባዶቹ ሐሰት ይመሰክርባቸዋል።

የስበት ማዕከሉም በዚሁ በተሞላ ሁኔታ ይፈለግ። ካምፐሩን በፊትና በኋላ በሁለት ሚዛኖች ላይ ማሳረፍ፣ በሁለቱ መደገፊያዎች መካከል ያለውንም ርቀት መለካት ነው። ለምሳሌ ርቀቱ 2.40 ሜትር ቢሆንና የፊቱ ሚዛን 540፣ የኋላው 360 ኪሎ ቢያሳይ፣ የፊቱን ክብደት በርቀቱ አባዝቶ ለጠቅላላው ለ900 ማካፈል ነው፤ የስበት ማዕከሉ ከኋላው መደገፊያ 1.44 ሜትር ላይ ይገኛል። ደንቡ ይህ ቦታ በሥዕል እንዲታይ፣ ስሕተቱም ከ51 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ያዝዛል። ልኩ ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠቅላላው 900 እንደ ሆነ ሳለ የፊቱ ሚዛን 540 በማለት ፈንታ 560 ቢል፣ በዚህች በ20 ኪሎ መዛነፍ ብቻ ማዕከሉ 53 ሚሊሜትር ይሸሻል። ስለዚህ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ሳይፈትኑ ወደ ሥዕል መሄድ አይገባም።

ቁጥሩ ከተገኘ ዘንድ መለያው ይዘጋጅ። ቦታው በካምፐሩ የኋላ ውጫዊ ገጽ፣ በግልጽ በሚታይ ስፍራ ነው፤ በጣራው፣ በደረጃው ወይም ከመኪናው መከላከያ በሚቀጠለው ብረት ላይ መለጠፍ ክልክል ነው። ሳይቀደድ ወይም ሳይበላሽ የማይላቀቅ፣ ጽሕፈቱ በእንግሊዝኛ በትልልቁ ፊደል፣ ከፍታው ከ2.4 ሚሊሜትር ያላነሰ፣ ቀለሙም ከመደቡ የተለየ ይሁን። በላዩ በቅደም ተከተል የሚሰፍረው የገጣጣሚው ሙሉ ስም፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ ከዚያም የክብደቱ ቃል ነው፤ የክብደቱ ቃል የውኃውን፣ የጋዙንና የማቀዝቀዣውን መጠን ለይቶ ይናገራል። ካምፐሩ ከነዚህ አንዱ የሌለው እንደ ሆነ ከመለያው ሊቀር ይችላል፤ መቅረቱ ግን ለገዢው በሚሰጠው የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገለጽ።

መመሪያው መጽሐፍ ከመለያው ሰፋ ያለ ነው። በተጨማሪነት የሚገጠሙ ዕቃዎች፣ ሲገጠሙ ከ9 ኪሎ በላይ የሚመዝኑት ሁሉ ከነከፍተኛ ክብደታቸው ይዘርዘሩበት፤ ከባዱ ዕቃ ከወለሉ አጠገብ ወደ ፊት እንዲቀመጥ፣ ከፍ ባለው መደርደሪያ ቀላሉ ብቻ እንዲወጣ፣ ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን፣ በመጨረሻም የፊቱና የኋላው ጎማ ለየብቻ እንዲመዘን የሚያዝዘው ቃል ይግባበት። ይህን ቃል ደንቡ ራሱ አዘጋጅቶ የሰጠው ስለ ሆነ፣ ሠሪው እንዳለ ይገልብጠው እንጂ በራሱ ብዕር አያሳምረው። ገዢዎቹ አማርኛ ተናጋሪዎች ቢሆኑ ትርጕም ማከል መልካም ነው፤ በእንግሊዝኛው ፈንታ ግን አይቆምም።

ፒክአፑን የሚሠራው ደግሞ በበኩሉ የጭነት ልኩንና የስበት ማዕከሉ ሊያርፍበት የሚገባውን ክልል በሥዕል ይሰጣል፤ የክልሉ ወሰን፣ ልኩን የሞላ ካምፐር ቢጫንበት የአንዱም አክስል ልክ እንዳይታለፍ ሆኖ የተሠመረ መሆን አለበት። መኪናው ካምፐር ባይሸከም የሚወድ ሠሪ፣ ይህን ሁሉ ትቶ፣ ካምፐር አይጫንበት የሚል ግልጽ ቃል ይጻፍ። የጭነት ልኩ ለእያንዳንዱ መቀመጫ 68 ኪሎ አስቀድሞ የሚቀንስ ነው፤ እንግዲህ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 4,500፣ የራሱ ክብደት 3,000 ኪሎ የሆነ አምስት መቀመጫ ያለው መኪና ብናስብ፣ ከ1,500ው ላይ 340 ሄዶ የሚተርፈው 1,160 ነው።

ያንን የ900 ኪሎ ካምፐር በዚህ መኪና ላይ እንጫነው። አየር ማቀዝቀዣው 45፣ የጥላ ድንኳኑ 30፣ ስንቁ፣ ልብሱና መሣሪያው 120 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 1,095 ነው፤ ውኃውና ጋዙ በ900ው ውስጥ ስላሉ ሁለተኛ አይቈጠሩም። የሚቀረው 65 ኪሎ ሲሆን፣ በጉዞ ላይ በካምፐሩ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ክብደትም በድምሩ ይገባልና፣ 70 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሰው ከገባበት ልኩ ታልፏል። ጥሩ ሠሪ ይህን ስሌት አስቀድሞ ለራሱ ይሠራል፤ ካምፐሩ የትኛውን መኪና እንደማይስማማ ሻጩ እንዲያውቅ ያደርጋል።

የቀረው የጥንቃቄ ነገር ነው። የማቀዝቀዣው ዐይነት ወይም የታንከሩ ስፋት በመካከል የተለወጠ እንደ ሆነ፣ ካምፐሩ እንደ አዲስ ተሞልቶ ይመዘን፤ የስበት ማዕከሉም ዳግመኛ ይፈለግ፤ ከለውጡ በፊት የታተሙት መለያዎች ከመደርደሪያው ወርደው ይቀደዱ።