ስለ ሥራ ክብር ታላላቅ ሰዎች ያሰቡት

ሰው ሁሉ ኑሮው እንዲሻሻልና ስሙ እንዲከበር ይመኛል። ዳሩ ግን ክብርን የሚመኝ ብዙ ሲሆን ክብር የሚገኝበትን ሥራ የሚወድ ጥቂት ነው። ገበሬው ማረሻውን ፈልጎ ብረት ቀጥቃጩን ይንቃል፤ ባላገሩ ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ይሰድባል፤ በምጣዱ የተጋገረውን እንጀራ እየበላም ሸክላ ሠሪዋን ያርቃታል። ይህ ልማድ አገርን እንደሚጎዳ ከታወቁት የኢትዮጵያ ሰዎች ሦስቱ አስቀድመው ተመልክተውታል።

መጀመሪያው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ሴባስቶፖል ተባለ። በ1860 ዓ.ም. ይህን መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ሲጠረግ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። ንጉሥ በእጁ ከሠራ ሥራ ውርደት አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። ነገር ግን የሕዝቡ ልብ ሳይለወጥ የአንድ ሰው ትጋት ብቻውን አልበቃም።

ሁለተኛው ዐፄ ምኒልክ ናቸው። እርሳቸውም በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው፥ ብረት ሠሪውን ጠይብ፥ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን ከለከሉ። የሰው ዘር አንድ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛን የሚሳደብ ሁሉ እንደሚቀጣም አስታወቁ። ሆኖም አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አያስተምርም፤ ስለዚህ ስድቡ በአንዳንድ ስፍራ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ሦስተኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በልጅነታቸው ወደ አውሮፓ ተሻግረው፥ በጀርመን አገር ተምረው ተመለሱ፤ በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። የሐሳባቸውም ፍሬ ይህ ነው፤ የሀብት ምንጭ የሰው ድካም ነው፤ ድካምንም ፍሬያማ የሚያደርገው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋራ ሲገበያይ ብዙ ድካሙን በጥቂት ይለውጣል። ለምሳሌ፥ ቆዳውን በርካሽ ሸጦ ያንኑ ቆዳ ጫማ ሆኖ ሲመጣለት በውድ የሚገዛውን ሰው መመልከት ይበቃል። ቆዳ ፋቂውን የናቀ አገር የንቀቱን ዋጋ እንዲህ አድርጎ ይከፍላል።

እንግዲህ ንጉሡ በእጁ፥ አዋጁ በቃሉ፥ ሊቁ በመጽሐፉ የጀመረውን የሚፈጽመው የመንደር መምህር ነው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ለብቻው በዳር በሚቀመጥበት ትምህርት ቤት ስለ ሥራ ክብር ቢሰበክ ትምህርቱ ከንቱ ነው፤ ልጆች ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ይይዛሉና። መምህሩ ያን ልጅ ከመካከል ያስቀምጠው፤ የመንደሩንም ባለ እጅ ወደ ክፍል ጠርቶ ሥራውን ለልጆቹ እንዲያስረዳ ያድርግ። ሽማግሌዎችም በዕድርና በማኅበር ላይ ለባለ እጅ የሚገባውን ስፍራ ይስጡ፤ ልጅ የሚናገረውን ስድብ የሚማረው ከአባቱ አፍ ነውና።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ድንጋይ ማንሣታቸው ለሠራዊቱ ምን አስተማረ?
፪ኛ፤ አዋጅ ብቻውን ልማድን የማይለውጠው ስለ ምንድር ነው?
፫ኛ፤ በመንደራችሁ ያሉት ባለ እጆች አንድ ወር ሥራቸውን ቢተዉ ምን ምን ይጎድላል?