የጠዋት የቴሌቪዥን ዝግጅት እንዴት ተጀመረ?



ጠዋት ውሃ ለመቅዳት ስንሰለፍ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ምን ተሰማ?» የሚል ነው። አንዱ በሬዲዮ የሰማውን ይናገራል፤ ሌላው ግምቱን ይጨምርበታል። ወዲያው ዜናና ወሬ ይደባለቃሉ። በዚህ ትምህርት ዜናንና ጨዋታን አንድ ላይ የሚያቀርበውን የጠዋት የቴሌቪዥን ዝግጅት ታሪክ እንመለከታለን። ታሪኩ የሩቅ አገር ቢሆንም ለእኛም ይጠቅማል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆኑ «ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል።

1. አጀማመሩ

ከእነዚህ ዝግጅቶች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው «ቱዴይ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ዛሬ» ማለት ነው። ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ጃንዋሪ 14 ቀን 1952 (ጥር 5 ቀን 1944 ዓ.ም.) በኒውዮርክ ጀመረው። ሐሳቡን ያመነጨው የጣቢያው ኃላፊ ፓት ዊቨር ሲሆን፣ የመጀመሪያው አቅራቢ ዴቭ ጋሮዌይ ነበር።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ቁርስ ይበላል፣ ልጆች ለትምህርት ቤት ይዘጋጃሉ። ተረጋግቶ የሚያይ ጥቂት ስለሆነ ዜናው ባጭሩ እየተደጋገመ ይነገራል። በመካከሉ ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታና ከእንግዳ ጋር የሚደረግ ውይይት ይገባል። ዛሬም በብዙ አገሮች አሠራሩ ይኸው ነው።

2. ተመልካቹን ምን ሰበሰበው?

ዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተወደደም። ጣቢያው የሚኖረው በማስታወቂያ ገቢ ነው፤ አስነጋሪዎች ግን ጥቂት ነበሩ። በ1953 ጄ. ፍሬድ መግስ የተባለ ልብስ የለበሰ ቺምፓንዚ ከአቅራቢው አጠገብ ተቀመጠ። ልጆች እርሱን ለማየት ቴሌቪዥን ከፈቱ፤ ወላጆችም አብረው አዩ፤ ማስታወቂያም መጣ።

ከ30 ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ቢ.ቢ.ሲ. በጃንዋሪ 1983 የጠዋት ዝግጅት ሲጀምር፣ ቲቪ ኤ.ኤም. የተባለው ጣቢያ በፌብሩዋሪ ተከተለው። ይህ ጣቢያ ታዋቂ ጋዜጠኞችን ይዞ ቢነሣም ተመልካች አጣ። እንዲያንሰራራ በጣም የረዳው ሮላንድ ራት የተባለ የአይጥ አሻንጉሊት ነው።

እንግዲህ ጨዋታ ሰው ይሰበስባል። ነገር ግን ሰሚው ስለበዛ ብቻ የተነገረው ሁሉ እውነት አይሆንም።

3. የሚጠይቀው ማን ነው?

ባርባራ ዋልተርስ በ1961 ወደ ቱዴይ ስትገባ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበረች። በኋላ አቅራቢው ፍራንክ ማጊ ታላላቅ እንግዶችን አብረው ሲያነጋግሩ የመጀመሪያዎቹን 3 ጥያቄዎች እርሱ እንዲጠይቅ አስወሰነ። እርሷ የምትጀምረው ከ4ኛው ነበር። ባርባራ ግን ደንቡ የሚሠራው በስቱዲዮ ውስጥ ብቻ መሆኑን አይታ፣ ከስቱዲዮ ውጭ ራሷ እንግዳ እየፈለገች ታነጋግር ጀመር። በ1974 ማጊ ሲሞት የዝግጅቱ የመጀመሪያዋ ሴት ተባባሪ አቅራቢ ሆነች። ሴት ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉ፤ ጥያቄ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

4. የመጀመሪያው ወሬ

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የእኛ እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር። በኒውዮርክ አንድ አውሮፕላን ረጅም ሕንፃ ሲመታ የጠዋት ዝግጅቶች በመተላለፍ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች «ትንሽ አውሮፕላን ሊሆን ይችላል» የሚል ግምት ተነገረ። ከ17 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው አውሮፕላን ሌላውን ሕንፃ ሲመታ ግን ነገሩ ጥቃት መሆኑ ታወቀ። አቅራቢዎቹ አልዋሹም፤ ገና አላወቁም ነበር።

እኛም ስለ ራሽን፣ ስለ ምዝገባ ወይም ወደ አገር ስለ መመለስ አንድ ነገር ስንሰማ እንዲሁ ነው። በአንድ ጠዋት ወሬ ዕቃውን የሚሸጥ ቤተሰብ ማታ ሊጸጸት ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህን ማን አየ? ማን ተጠይቆ መለሰ? ከነገሩ የሚጠቀመው ማን ነው?

መልመጃ

ሀ. በጠዋት ዝግጅት ዜናው የሚደጋገመው ለምንድን ነው?
ለ. ቺምፓንዚውና አሻንጉሊቱ ለጣቢያዎቹ ምን ጠቀሙ?
ሐ. ባርባራ ዋልተርስ ደንቡን ያለፈችው እንዴት ነው?
መ. ዛሬ ጠዋት የሰማችሁትን አንድ ነገር በደብተራችሁ ጻፉ። የታየውን በአንድ ወገን፣ የተገመተውን በሌላ ወገን ለዩ። ከዚያም ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።